ከፋብሪካ እንደወጣች

ልጄ ባትላሜራ ነው። የተጋጨ መኪና ሲመጣለት የተጨማደደውን ብረት በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ቦታው ይመልሳል፣ የማይመለሰውን ቆርጦ በሌላ ይበይዳል፣ ከዚያ ስቱኮ ለቅልቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ቀለም ይቀባል። ሲጨርስ ባለመኪናው ራሱ በየት በኩል እንደተገጨ ይጠፋዋል። ሌሎቹ ሠራተኞች ሥራቸውን በዓይን ሲያዩ እሱ በመዳፉ ነው የሚያየው። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን በብረቱ ላይ ያንሸራትትና፣ እኛ ምንም የማይታየን ቦታ ላይ ቆሞ «እዚህ ጋ ሆድ አላት» ይላል። ጎማ ጠጋኙ ጓደኛው ይህን ባየ ቁጥር «እባካችሁ ይሄን ሰው ፊታችሁን አታስነኩት፣ ስቱኮ ይለቀልቅባችኋል» እያለ ጋራዡን ያስቃል። ዕድሜው ሃምሳ ሊሞላ ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ሁለቱን ዓመት ያሳለፈው መኪና ሥር ተጋድሞ ነው።

ይህን ሁሉ ሥራ ያላየለት አንድ ሰው አባቱ ነው።

ባለቤቴ ክፉ አባት አልነበረም። ልጁ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ብዕር ይዞ እንዲሠራ ነበር ምኞቱ። ልጁ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ የገባ ዕለት «ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ልትሆን ነው?» አለው፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አፉን አልከፈተም። ንዴቱ ሲበርድለት ያልፋል ብለን ጠበቅን፤ አላለፈም። ስለ ሚስቱ ይጠይቀዋል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል፣ ስለ ጤናው ይጠይቀዋል፤ ስለ እጁ ሥራ ግን አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም። ልጄም ወደ እኛ ሲመጣ እጁን በነዳጅ አጥቦ፣ ጥፍሩን ፍቆ፣ ቱታውን በላስቲክ ጠቅልሎ ነበር የሚገባው። እናት ነኝና ሁለቱንም አያለሁ። ልጁ እስኪጠየቅ ይጠብቃል፤ አባትየው ደግሞ ልጁ ራሱ እስኪያወራለት የሚጠብቅ ይመስለኛል። እንዲህ ሲጠባበቁ ልጁም ሸበተ።

መኪናችን ረጅም ስቴሽን ነበረች፣ ኋላዋ እንደ ጓዳ የሚሰፋ። በሦስት ሰው እጅ አልፋ ነው ወደ እኛ የመጣችው። ባለቤቴ ማለዳ የኋላውን ወንበር አጥፎ ከአንድ ዳቦ ቤት ዳቦ ይጭንና ለየሱቁ ያከፋፍላል። ሲመለስ ፍርፋሪውን ጠርጎ፣ ወንበሩን አቅንቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ልብሳቸው ዳቦ ዳቦ እየሸተተ ክፍል ስለሚገቡ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ስማቸው «ዳቦዎቹ» ነበር። ታላቋ ልጄ ታፍር ነበር፤ ወንዱ ግን የራበው ልጅ ሁሉ እሱ አጠገብ ካልተቀመጥኩ ስለሚል ኩራት ይሰማው ነበር።

ስትመጣ ሰማያዊ ነበረች። ቀለሟ በፀሐይ ተቃጥሎ መላጥ ሲጀምር ባለቤቴ ጋራዥ አልወሰዳትም። የግቢውን በር የቀባበት አረንጓዴ ቀለም ተርፎት ስለነበር እሱኑ በብሩሽ ቀባት። ያን ጊዜ ልጄ በሙያው ስም ማውጣት ጀምሯል። «አባዬ፣ እኔ ጋ አምጣት» ቢለው «ምን ሆነችና» አለና ብሩሹን መልሶ ጣሳው ውስጥ ነከረ። አቀባቡን ያየ ሰው መኪና ሳይሆን አጥር የቀባ ነበር የሚመስለው። የብሩሹ ፀጉሮች ሳይቀሩ ቀለሙ ውስጥ ተጣብቀው ደረቁ። ልጄ ደጅ ቆሞ ይህን አይቶ ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ። መኪናዋም ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት አረንጓዴ ሆና ኖረች።

ባለቤቴ እርጅና ሲጫነው መንዳት አቆመ። መኪናዋ ግቢው ውስጥ፣ ጎማዋ ወልቆ፣ በአራት ጡብ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ መርሳት መጣ። መጀመሪያ መነጽሩን፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ ከመጸዳጃ ቤት ወደ መኝታ ቤት የሚመለስበትን መንገድ። የልጅ ልጆቹን ስም ካምታታ በኋላ ልጄ ሐኪም ቤት ወሰደን።

ሐኪሙ ለስለስ ያለ ሰው ነበር። እንዲገባን ብሎ በእጁ እያሳየ አስረዳን። የሰው አእምሮ ከላይ ከላይ ነው የሚላጠው አለ። የቅርቡ ቀድሞ ይሄዳል፣ የድሮው መጨረሻ ላይ ይቀራል። ምናልባት አንድ ዓመት ያህል ሰው ይለይ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግን ቃል አልገባም አለን። እኔ «አንድ ዓመት» የሚለውን ይዤ ወጣሁ። ልጄ ይዞ የወጣው ግን «ከላይ ከላይ ይላጣል» የሚለውን ነበር። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ ወደ መኪናዋ ይሄዳል። የሾፌሩን በር በዳሌው ገፋ አድርጎ ይከፍታል፣ ምክንያቱም በሩ ካልተገፋ አይከፈትም፤ ይቀመጣል፣ መሪውን ይይዛል። እስከ ምሳ ድረስ እዚያ ነው። ቤት ውስጥ የሚቅበዘበዘው ሰውዬ እዚያ ሲቀመጥ ትከሻው ይወርዳል። አንዳንዴ እኔን አይቶ «ፍጠኚ እንጂ፣ ዳቦው ሊቀዘቅዝ ነው» ይለኛል። እኔም እሺ ብዬ ጎኑ እቀመጣለሁ። ጉልበቱ ላይ ዶሮ ወጥታ ብትቆም እንኳ አያባርራትም፤ ተሳፋሪ ናት።

ይህ ለእኔ ሰላም ነበር፤ ለልጄ ግን ውርደት ሆነበት። ሰፈሩም አላዘነለትም። የሰውን መኪና ሙሽራ እያደረገ የአባቱን ለዶሮ ማስፈልፈያ ተወው ብለው አሙት፤ ጎማ ጠጋኙም እንደ ቀልድ አድርጎ ነገረው። ልጄ አንድ ቅዳሜ መጥቶ አባቱ የተቀመጠበትን የመኪናዋን ወለል ጎንበስ ብሎ አየ። ዝገት በልቶት የባለቤቴ ተረከዝ መሬት ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ልጄ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባና አጠገቤ ቆመ።

«እማዬ፣ ከፋብሪካ እንደወጣች አድርጌ ልሠራት ነው» አለኝ። «ገና ሰው እየለየ ሳለ ይያት። እኔ እንደሠራኋት ይወቅ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ታላቋ ልጄ ስትሰማ ተቆጣች። ሰውዬው ተመችቶት በተቀመጠበት ምን አድርግ ተባልክ አለችው። እሱም የተቀመጠው ዝገት ላይ ነው፣ ነገ እግሩን ቢቆርጠው ማን ሊጠየቅ ነው አላት፤ ይህም ውሸት አልነበረም። እኔ በበኩሌ አንድ ነገር ብቻ ተናገርኩ። መሥራቱን ሥራት፣ ግን አባትህ የሚያውቃት አረንጓዴ ሆና ነው፣ ከዚያ በፊትም ሰማያዊ ነበረች አልኩት።

ልጄ እጄን ይዞ ወደ መኪናዋ ወሰደኝ። ኮፈኑን ከፍቶ ከውስጥ በኩል የተለጠፈች ትንሽ የብረት ሰሌዳ በጨርቅ ወለወለና እንዳነባት አደረገ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት በገባች ዓመት ነው። የተጻፈ ነገር እስከ ዛሬ ቆሞ የሚያናግረኝ ትልቅ ሰው ይመስለኛል። ሰሌዳዋ ላይ የቀለም ቁጥር ነበር። ልጄ አንድ አሮጌ የቀለም መጽሐፍ አውጥቶ ያንኑ ቁጥር በጣቱ አሳየኝ፤ አጠገቡ ክሬም ቀለም ተለጥፏል።

«ይኸው ተጽፏል» አለኝ። «አረንጓዴውም ሰማያዊውም ከላይ የተለጠፈ ነው። መሠረቷ ይሄ ነው። ከሥር ያለው ነው የሚቀረው፤ ሐኪሙም ያለው ይሄንኑ አይደል?»

እጁ ብረት የለመደ ሰው ነው። ለእሱ እውነት ሁልጊዜ ከስቱኮው ሥር ነው ያለችው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት እየላጠ የሚፈልገውም እሷኑ ነው። አባቱም ሲላጥ ሲላጥ መጨረሻ ላይ ከዚያች ክሬም መኪና ጋር የሚገናኝ መሰለው። የመኪናዋ መጀመሪያ የአባቱ መጀመሪያ አለመሆኑ፣ አባቱ ክሬም መኪና በሕይወቱ ነድቶ አለማወቁ፣ ያን ቀን አልታየውም። ለእኔ ታይቶኛል። ግን ብረት ላይ ከተቀረጸ ጽሑፍ ፊት የእኔ ትዝታ ምን ያህል ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ልጄና የጋራዡ ሰዎች በጭነት መኪና መጥተው ጭነው ወሰዷት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲሸኛት «ቶሎ መልሷት፣ ጠዋት ሥራ አለኝ» አላቸው። ልጄም እሺ አባዬ አለ።

ሰባት ወር ፈጀ። ልጄ የሰው ሥራ ከሠራ በኋላ ከሰዓቱ ቆርሶ፣ የእረፍት ቀኑን ጨምሮ ሠራት። አንድ ቀን ጋራዡ ሄጄ አየኋት። በሮቿ ወልቀው፣ መስኮቶቿ ወጥተው፣ የዓሣ አጥንት መስላ ቆማለች። አንድ ቦታ ላይ ቀለሟን ደረጃ በደረጃ ልጦ አሳየኝ፤ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ግራጫ፣ ከሥሩ ያች ክሬም፣ የጥፍር ያህል ሆና። ልጄ በዚያች ጥፍር ላይ ጣቱን አድርጎ ሲስቅ አየሁት። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ መኪናዋ ሲሮጥ ነበር እንዲህ የሚስቀው። የተበላውን ወለል ቆርጦ በአዲስ ብረት ተካው። ሁለቱን የፊት በሮች ለጥገና አይሆኑም ብሎ ለውራጅ ብረት ገዢ ሰጥቶ፣ ከሌላ ከተማ ከወደቀች እህቷ፣ ከዚያው ዓይነት መኪና ላይ ሌላ በር አስመጣ። በዳሌ ሲገፋ ብቻ ይከፈት የነበረው በር አሁን በአንድ ጣት ተከፈተ። ከወለሉ ምንጣፍ ሥር የአርባ ዓመት የዳቦ ፍርፋሪ ወጣ። ጎማ ጠጋኙ «ይሄን አጥቦ ለሚሸጥ ሰው ሀብት ነው» ብሎ ቀለደ። ጠረጉና ጣሉት።

እኔ ቤት የማየውን ግን ለልጄ በሙሉ አልነገርኩትም። አባቱ ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል፤ መኪናዋ የነበረችበት ቦታ ላይ አራቱን ጡቦች ያገኛል። በመጀመሪያው ወር የት ሄደች ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ጋራዥ ናት ስለው ይረጋጋል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሶ ይጠይቃል። በሦስተኛው ወር አንዷ ጡብ ላይ መቀመጥ ጀመረ። እጁን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ጉልበቱን ይይዛል። በአምስተኛው ወር መጠየቁን ተወ። እኔን አንዳንድ ቀን በስሜ፣ አንዳንድ ቀን በእናቱ ስም ይጠራኝ ጀመር።

ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ለአባቱ ሥራውን ያወራለት ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያላወራውን ያን ጊዜ አወራው። ዛሬ የኋላ በሯን ገጠምኩ፣ ዛሬ የመጀመሪያውን ቀለም ረጨሁ ይለዋል። አባቱ በአክብሮት ያዳምጠዋል። ሲጨርስ «እንዴት ያለ ሥራ ነው» ይላል፣ የሌላ አገር ወሬ እንደሰማ ሰው። ልጄ ይህንኑ ይዞ ደስ ብሎት ይሄዳል። ቅስሙን ልሰብር አልፈለግሁምና እስከ በር ሸኝቼው እመለሳለሁ።

የመለሳት ዕለት ራሱ እየነዳ ነው የመጣው። ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ቆንጆ ነበረች፤ ይህን መካድ አልችልም። ክሬሟ እንደ ወተት ስልባቦት ያበራል፣ በግራና በቀኝ ጎኗ ያለውን ብርማ መስመር ፀሐይ ይመታዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አጥሩ ላይ ተደገፈ። በፊት ያሙት የነበሩት ሁሉ አፋቸውን ያዙ።

ባለቤቴ ጥላው ሥር ወንበር ላይ ነበር። መኪናዋ ስትገባ ቀስ ብሎ ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ፀጉሩን በመዳፉ አስተኛ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንግዳ መጥቷል፣ ቤቱ ተጠርጓል?» አለኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ሄዶ ሁለት እጁን ዘረጋለት።

«ይግቡ ጌታዬ» አለው። «ይግቡ፣ ቤትዎ ነው።»

ልጄ መጀመሪያ ሳቀ። እኔ ነኝ አባዬ፣ መኪናችንን አመጣኋት አለው። ባለቤቴ መኪናዋን ዞሮ አያት። በጣም ጥሩ መኪና ናት፣ ይባርክልዎት፣ የእኔም ስቴሽን ናት፣ ልጆቹ ወስደዋት ነው አለ። ልጄ የአባቱን እጅ ይዞ ኮፈኑ ላይ ሊያስቀምጠው ሞከረ። እንዲዳስሳት ነበር የፈለገው፣ እሱ ራሱ እንደሚያየው በመዳፉ እንዲያያት። አባቱ ግን እጁን ቀስ አድርጎ መለሰ። «እንዳላቆሽሽብዎ» አለው።

በሩን ከፍቶ አስቀመጠው። ባለቤቴ ጉልበቱን ገጥሞ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ወግ ባለው ቤት እንደተቀመጠ እንግዳ ተቀመጠ። መሪውን አልነካም። ጥቂት ቆይቶ በትህትና መውረጃው በየት በኩል ነው ብሎ ጠየቀ። አጥሩ ላይ የተደገፉት ሰዎች አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ገቡ። ልጄ ኮፈኑን በሸሚዙ እጅጌ ሲጠርግ አየሁት፤ ምንም የሚጠረግ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ አረንጓዴ መኪናውን ፍለጋ ይወጣ ጀመር። ጡቦቹ ከተነሡና ቦታውን የእንግዳ መኪና ከያዘበት ወዲያ ግቢው ውስጥ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። የውጭውን በር ከፍቶ መንገድ ለመንገድ ይሄዳል። አንድ ቀን ሦስት መንደር አልፎ፣ የሰው አጥር ሥር ቆሞ ተገኘ። አጥሩ አረንጓዴ ነበር።

ልጄ የድሮዎቹን በሮች ሊያስመልስ ወደ ውራጅ ብረት ገዢው ሮጠ። በሮቹ ቀልጠዋል ተባለ። እንደ እብድ ሆነ፤ ከየት ላምጣቸው እያለ ለሚስቱ ያወራ እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ ከምሳ በፊት፣ በጣሳ አረንጓዴ ቀለምና አንድ ሰፊ ብሩሽ ይዞ መጣ። ከግቢው በር ቀለም ጋር እያስተያየ ነው ያስበጠበጠው።

ሳይቀባ በፊት የብርጭቆ ወረቀት አወጣ። ሰባት ወር ለፍቶ ያሳመረውን ገላዋን ራሱ ፈገፈገው። ድምፁን መስማት ስላቃተኝ ጓዳ ገባሁ፣ እዚያም ሰማሁት። ጎማ ጠጋኙ ሊጎበኘው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አፉ የማያርፈው ያ ሰውዬ ያመጣውን ቀልድ ይዞ ተመለሰ።

መቀባት ሲጀምር ደግሞ እጁ እምቢ አለው። እንደ አባቱ አዝረክርኮ መቀባት አቃተው። ብሩሹ በሄደበት ሁሉ ቀለሙ እኩል ይተኛል፣ መስመሩ ይስተካከላል። ሆን ብሎ ሊያበላሽ ይሞክርና ሳያስበው ተመልሶ ያስተካክለዋል። አንደኛውን ጎን ጨርሶ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሲያየው፣ በደንብ የተቀባች አረንጓዴ መኪና እንጂ የአባቱ መኪና አልነበረችም። ይህ ሳይታየው አልቀረም። ቢሆንም ቀጠለ።

ባለቤቴ ያን ጊዜ ከቤት ወጣ። ወንበሩን ስቦ ልጁ ከሚሠራበት ሁለት እርምጃ ያህል ላይ ተቀመጠና ብሩሹን እያየ ብዙ ቆየ። ዓይኑ ከብሩሹ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ።

«እጅ አለዎት» አለው። «ሙያው የገባዎ ሰው ነዎት።»

ልጄ ብሩሹን እንደያዘ ቆመ። ዞሮ አላየውም።

«አይቀየሙኝና የእኔን መኪና ግን ለእርስዎ አልሰጥም» አለ ባለቤቴ። «ልጄ በዚሁ ሙያ ነው። የሱን ያህል የሚሠራ አላየሁም። ስትገኝ ለሱ ነው የምሰጣት።»

ልጄ «የት ነው የሚሠራው ልጅዎ?» ሲል ሰማሁ። ባለቤቴ አሰበ። ሩቅ መሰለኝ አለ። አይመጣም፣ ሥራ ይበዛበታል አለ። ካገኙት ግን አባትህ መኪናዋን ይዞ ይመጣል ብለው ይንገሩልኝ ብሎ አደራ ጣለበት።

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለው ልጄ።

ባለቤቴ ተነሥቶ ወደ ውጭው በር ሄደ። እኔ ልብሱን ጥዬ ወጣሁ። ልጄ ግንባሩን በክንዱ ሲጠርግ አረንጓዴ ቀለም ቅንድቡ ላይ ተቀብቶ ነበር፤ ልጠርግለት እጄን ስሰድ ያዘኝ።

«እማዬ፣ ደህና ሳለ፣ እኔ በሌለሁበት፣ እንዲህ ብሎሽ ያውቃል?»

ከባለቤቴ ጋር ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ማታ ራት ላይ፣ ጠዋት ሻይ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ስንጣላም ስንታረቅም ያለኝን ሁሉ ለቃቅሜ አየሁት። ስለ ዳቦ ነው፣ ስለ ኪራይ ነው፣ ስለ ልጆች ጉንፋን ነው። እንዲህ ያለ ቃል የለም። በሽታው ይሁን የተናገረው፣ ወይስ ከሥር ሲጠብቅ የኖረ ነገር ይሁን፣ አላውቅም፤ ማንም የሚያውቅ የለም። «አዎ፣ ብዙ ጊዜ ብሎኛል» ልለው አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ግን ዘገየብኝ። ልጄም መዘግየቱን አየ።

«ግድ የለም እማዬ» አለኝ። ብሩሹን ነክሮ ወደ ቀረው ጎን ዞረ። አባቱ በሩን ይዞ መንገዱን ግራና ቀኝ ያይ ነበር።